ለሜላት ዋስ የቆምኩ ቀን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጥር ነው፣ ደጁ በረዶ ነው፣ የሚኬድበትም የለ።

ልጅ ሳለሁ ጉለሌ፣ ከጓሯችን እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ሲመሽ እንዝርታቸውን እያሾሩ ተረት ያወሩልናል፤ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ይተኛል፣ እኛ ግን ንቅንቅ አንልም። የእሳቸው ተረት ዝም ብሎ አይሄድም። ጅብ አህያዋን ሊበላ ሲል እንዝርቱን ያቆሙና፣ «አንተ ጅብ ነህ፣ አንቺ አህያ ነሽ፣ በሉ ተሟገቱ!» ይሉናል። ያኔ ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የተከሰሰ ዋስ ሳይጠራ አፉን አይከፍትም። ዋስ ካጣ ተረቱ እዚያው ይቀራል፣ እኛም ወደየቤታችን እንሰደዳለን። ስለዚህ ለጅቡም ቢሆን አንዳችን ብድግ ብለን «እኔ ዋስ ነኝ» እንላለን። እኔ ለስንቱ ጅብ ዋስ ሆኛለሁ መሰላችሁ!

ፊደል አልቆጠርኩም። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ካረጀሁ በኋላ፣ እዚህ ሰው አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በልጅ ልጄ በሜላት ምክንያት ነው። ሜላት እዚሁ የተወለደች ናት፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛውን እንደ ጎርፍ ታወርደዋለች፣ ክፍል ስትገባ ግን ጭጭ። መምህርቷ ለእናቷ ደውላ፣ «የምናነበው መጽሐፍ እንደገባት የማውቀው ስትናገር ነው፤ በዚህ ወር ካልተናገረች ከጓደኞቿ ተለይታ እንግሊዝኛ ከሚጀምሩት ጋር ትገባለች» አለቻት። ቤተሰብ ክፍል ገብቶ የሚያይበት ቀን ደረሰ። እናቷ ብሉሚንግተን ሆቴል ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩ።

ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መምህርቷ መሃል ላይ ወንበር አኖረችና ሜላትን አስቀመጠቻት። ወዲያው ልጆቹ ተነሡባት። አንዱ ቀይ ፀጉር «ዋይ? ዋይ?» ይላታል፤ አንዲቱ ጣቷን ትቀስርባታለች። ሜላት አንገቷን ደፋች። እኔ ከሚሉት የያዝኩት «ሆርስ» የምትለዋን ብቻ ነው። ፈረስ ጠፍቶ ኖሯል! የእኔ ልጅ ደግሞ ፈረስ የት ታስረዋለች?

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። «እኔ ዋሷ ነኝ! ልጄን የሚከስ ከእኔ ጋር ይነጋገር!»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«እማማ፣ ሲት ዳውን! ፕሊስ!» አለች ሜላት ፊቷ ቀልቶ።

«አልቀመጥም። ምን አድርገሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም! የመጽሐፉ ልጅ ናት የጎረቤት ፈረስ የለቀቀችው። እኔ እሷን ሆኜ ነው የሚጠይቁኝ። ድራማ ነው!»

አፈርኩ። መምህርቷ ግን ምን እንዳልኩ ጠየቀቻት። ሜላት አቅማማች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። መምህርቷ አልሳቀችም። ሌላ ወንበር ጎትታ ከሜላት አጠገብ አስቀመጠችኝና ለቀዩ ልጅ ምልክት ሰጠችው። ጥያቄውን ደገመ።

ሜላት መለሰች፤ ረጅም መለሰች። አንድም አልገባኝም፤ የልጆቹን ፊት ብቻ አየሁ። ያቺ የቀሰረችው ጣቷን አጠፈች።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ፈረሱ ታሞ ነበር፣ ጎረቤቷ ሊገድለው እንደሆነ ሰማች፣ ለሰው መናገር ግን ፈራች አልኳቸው።»

«መጽሐፉ ፈራች ይላል?»

«አይልም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ከእትዬ ደብሪቱ ተረቶች አብዛኛውን ረስቻለሁ፤ ጅቡ መጨረሻው ምን እንደሆነ እንኳ እንጃ። ብድግ ማለቱ ብቻ ጉልበቴ ውስጥ ቀርቷል።

እትዬ ደብሪቱ እኔ ሳልዳር ዐረፉ። መምህርቷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ቀዩ ልጅ አልፎ አልፎ ቤታችን ይመጣል፣ በርበሬም ለምዷል። የሜላት እናት አሁንም ያው ሆቴል ናት። ሜላት ከጓደኞቿ አልተለየችም፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ገብታለች። ዛሬም ብዙ አታወራም፤ እጇን ግን ታነሣለች አሉ።