የሚስ ኦፓል አደራ

ፋንታዬን ሞርስ ሮድ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በሱዳን በኩል አሜሪካ መጥታ ኮሎምበስ ከገባች አሥር ዓመት አልፏታል። ኖርዝላንድ ውስጥ ቤት ገዝታለች፣ ልጇን ሶልያናን ብቻዋን አሳድጋ ሃይስኩል አድርሳለች፣ ሥራዋ የታመሙ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። አንድ ክፉ ልማድ ግን አለባት፤ እንቢ ማለት አታውቅም። ይሉኝታዋ ለጉድ ነው! የማንም ሰርግ ቢሆን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትገኘው እሷ ናት። ይኼ ይሉኝታሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል እያለች ጓደኛዋ እናናዬ ስንት ጊዜ መክራታለች። ጉዱ በዳልሲመር በኩል ይመጣል ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም።

ዳልሲመር ማለት የተራራ አገር ፈረንጆች ጭናቸው ላይ አጋድመው የሚጫወቱት ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ነው። ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ደረቱ ላይ የልብ ቅርፅ ያላቸው ቀዳዳዎች ያሉት የእንጨት ሥራ ነው። አንዱ ክር ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሁለቱ ከሥር ከሥሩ ሳያቋርጡ ያጉመተምታሉ። ፋንታዬ መጀመሪያ ያየችው አፐር አርሊንግተን ውስጥ፣ ሚስ ኦፓል ጭን ላይ ነው።

ሚስ ኦፓል ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ተወልደው ያደጉ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላ ልጃቸው ቤቷ አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ፋንታዬም ሁለት ዓመት አጠበቻቸው፣ አበላቻቸው፣ አነሣቻቸው፣ አስተኛቻቸው። ግራ እጃቸው ክር መጫን አይችልም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን «አምጪልኝ» ይላሉ። መሣሪያውን ጭናቸው ላይ ታደርግላቸውና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ትመለሳለች። ከጀርባዋ በቀኝ አውራ ጣታቸው ሦስቱን ክር አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርጉታል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ላላ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ነው። ከዚያ አፋቸውን ገጥመው «ህምምም» ይላሉ፣ ክሩ ጸጥ እስኪል ድረስ። በየቀኑ እንዲሁ ነበር።

ሊሞቱ ሰሞን እጇን ያዟት። «ይኼን ለዴልበርት ስጪልኝ» አሏት። ዴልበርት መሣሪያውን ቀርጸው የሠሩላቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በየቅዳሜው አብረዋቸው ሲጫወቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚስ ኦፓል ልጅ የእርጅና ወዳጅነት አላማራትም ነበርና ሊጠይቁ ሲመጡ ከበር መልሳቸዋለች። «ልጄ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። አንቺ አድርሺልኝ። ቅኝቱን አልቀየርኩትም፣ አንተ እንደተውከው ነው ብላለች በይው። ቃል ግቢልኝ።» በፋንታዬ ጆሮ ይኼ አደራ ነው፤ ያውም የሙት አደራ! «እሺ» አለች። በሳምንቱ ሚስ ኦፓል አረፉ። ከቀብር በኋላ ልጃቸው «ለማስታወሻ የፈለግሽውን ውሰጂ» ስትላት ፋንታዬ ዳልሲመሩን አንሥታ ወጣች። አላለቀሰችም። በሥራዋ ስንት ሰው ሞቶባታል፤ ለሁሉም ከተለቀሰ እንባው ከየት ይመጣል?

ይኼ የሆነው በፈረንጆች ዘጠና ስድስት ጸደይ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሚስ ኦፓል በነገሯት መሠረት የዳልሲመር ማኅበርተኞች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ወረደች። ሚስተር ዴልበርትን እንደምትፈልግ ተናገረች። «ዛሬ አሞት ቀርቷል» አለቻት ካሮል፣ የማኅበሩ መሪ። ካሮል ሳቂታና ቸኳይ ናት፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አትጠብቅም። «ዳልሲመር ይዘሻል! ልትማሪ ነው የመጣሽው! ነይ ቁጭ በይ!» አለቻት።

እዚህ ላይ «አይ፣ ዕቃ ላደርስ ነው» ማለት ነበር። የኛ ሴትዮ ምን አለች? «እሺ።»

ካሮል መሣሪያውን ተቀብላ በጣቷ ዳሰስ አደረገችውና ፊቷን አጨማደደች። «ውይ፣ ይኼማ ቅኝቱ ጠፍቷል!» ብላ ጫፉ ላይ ያሉትን መቃኛዎች ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረገቻቸው። ፋንታዬ ምላሷ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ነበር። ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሁሉ ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ዋጠችው።

ከዚያማ ወይ ጉድ! ካሮል ክር መጫኛ የሆነችውን ትንሽ እንጨት በክሩ ላይ እንዴት እንደምታንሸራትት አሳየቻት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ በግራዋ፣ አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሾፌር በቀኟ ተቀምጠው፣ ስትሳሳት «ግድ የለም፣ ቀጥይ» ይሏታል። ሃያ ሰው ባንድ ላይ ዜማ ሲያነሣ ጭኗ ላይ ያለው እንጨት ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ በአጥንቷ በኩል ገባ። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ስታነሣና ስታስተኛ የኖረች እጇ ዜማ ሲወጣው እሷም ደነገጠች። ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ሾፌሩ አጨበጨበላት። እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችም።

ቤቷ ገብታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እንደ ሚስ ኦፓል በአውራ ጣቷ ሦስቱን ክር ጠረገቻቸው። የወጣው ሌላ ነው፤ ደማቅ፣ ውጥር ያለ፣ ካሮልን የሚመስል ድምፅ። ፋንታዬ ክው አለች። ቅኝቱን አልቀየርኩትም በይው ነበር የተባለችው። እንግዲህ ምን ብላ ነው የምትሰጠው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ልትናገር ቆርጣ ሄደች። ሚስተር ዴልበርት መጥተዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጣቶቻቸው በአናጢነት የጎበጡ ሰው ናቸው። ገና ከበር ስትገባ ዓይናቸው መሣሪያው ላይ አረፈ። ጠጋ ብለው የልብ ቅርፆቹን በጣታቸው ዳበሱና «ይኼን ከየት አገኘሽው?» አሏት። ፋንታዬ መቃኛዎቹን አየች። ከታማሚ ቤት መርፌ እንኳ መውሰድ ክልክል ነው የሚለው የሥራ ቦታዋ ሕግ ትዝ አላት። ሌባ ልባል ነው ብላ ተሸበረች።

«ከጋራዥ ሴል» አለች፤ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት።

«ጋራዥ ሴል» አሉ ሽማግሌው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት አንድም ዜማ አልተጫወቱም። ከዚያም በኋላ የራሳቸውን ዳልሲመር ይዘው መምጣት አቆሙ። ግድግዳውን ተደግፈው ይሰማሉ፣ ሲያልቅ ይሄዳሉ። ሚስ ኦፓል የእጄን ሥራ አውጥተው ሸጡብኝ ብለው ሽማግሌው እንደሚያምኑ ለመረዳት ፋንታዬ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ሰውዬውን በአንድ ቃል ገድላቸዋለች።

ታዲያ ለምን አልቀረችም? እሱማ ነው ጉዱ! በየሳምንቱ «ዛሬ እናገራለሁ» ብላ ትወርዳለች፣ ክቡ ውስጥ ስትገባ ደስታው ይወስዳታል፣ ስትወጣ ጸጸቱ ያፍናታል። በበጋው ጎበዝ ሆነች። ሳምቡሳ ይዛ ስትመጣ ማኅበርተኛው ዳልሲመሩን ጥሎ ይነሣል። ሚስተር ዴልበርትም አንድ ይቀበሏትና «አመሰግናለሁ» ይላሉ።

ድምፁ የጀመረው ያኔ ነው። አመሻሹ ላይ ዕቃ ስታጥብ ከጀርባዋ ይመጣል፤ ዝቅ ያለው፣ የላላው፣ በውስጡም «ህምምም» የሚለው። ዘወር ትላለች፣ ማንም የለም። ሳሎን ሮጣ መዳፏን ክሩ ላይ ታደርጋለች፣ ክሩ ጸጥ ብሏል። «እማዬ፣ ትራክ ሲያልፍ እኮ ነው የሚነዝረው» አለቻት ሶልያና በእንግሊዝኛዋ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ትራክ ሲያልፍ ክሩ ያጉመተምታል። ግን በካሮል ቅኝት ነው። ፋንታዬን የሚከተላት ያኛው ነው፣ እንጨቱ ላይ የሌለው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ መኪናዋን ስትቆልፍ ሰማችው። ቅዳሴ ላይ ቆማ ሰማችው። አንድ ቀን ደግሞ ሳሎኗ የሚስ ኦፓልን የእጅ ቅባት ሸተተ። ቅባቱ እሷ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ለእናናዬ ነገረቻት። እናናዬ ሌላ ነገር አላሰበችም፤ ጸበል በፕላስቲክ ይዛ መጥታ «በስመ አብ» ብላ ዳልሲመሩ ላይ ረጨችው።

«ኧረ እንጨቱ ይበላሻል!» ብላ ፋንታዬ በነጠላዋ መጥረግ ጀመረች።

«ለእንጨቱ ነው ለነፍስሽ የምታስቢው?» አለች እናናዬ። ከዚያ ጓደኛዋን ትኩር ብላ አየቻት። መክሳቷ የገባት አሁን ነው። «ስሚ ፋንታዬ፣ ይኼ ጸበል የሚያስለቅቀው አይደለም። የሙት አደራ በልተሽ ምን ልትሆኚ ኖሯል? ውሰጂና ለባለቤቱ ስጪ።»

«ተበላሽቷል እኮ! ምኑን ነው የምሰጠው?»

«የተበላሸውን።»

ቀላል ነው ለእናናዬ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ካሮል ከመጀመራቸው በፊት እጇን አጨበጨበች። ሚስተር ዴልበርት ቤታቸውን ሸጠው የእህታቸው ልጅ ጋ ወደ ኬንታኪ ሊገቡ ነው፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው አለች። ፋንታዬ ሙሉውን ሰዓት ያልተሳሳተችው ዜማ አልነበረም። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሽማግሌውን እያቀፈ ወጣ። እሳቸው ወንበር ማጠፍ ጀመሩ። እሷ ቀረች።

ሄዳ አንድ ወንበር ዘርግታ አስቀመጠቻቸውና ዳልሲመሩን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ልክ ለሚስ ኦፓል እንደምታደርገው። «ጋራዥ ሴል አይደለም» አለች። «ዋሽቼዎት ነው። ሚስ ኦፓልን የማስታምማቸው እኔ ነበርኩ። ለእርስዎ ነው የላኩት። ቅኝቱን አልቀየርኩትም፣ አንተ እንደተውከው ነው ብላለች በይው አሉኝ።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በሦስቱ ክር ላይ ጠረግ አደረጉት። የካሮል ደማቅ ድምፅ ባዶውን ቤዝመንት ሞላው። ቀና ብለው አዩአት።

«እሳቸው አይደሉም!» አለች ፋንታዬ። «እሳቸው ለሰው አላስነኩም። እዚሁ ነው የተቀየረው፣ በመጀመሪያው ቀን። ሲጠመዘዝ ዝም ብዬ አየሁ። የኔ ጥፋት ነው።»

ዴልበርት አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻላት። «መጽሐፍ ላይ ያለ ቅኝት አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ስትሮኩ የዘፈን ድምጿን ወሰደባት። የቀረቻት አንድ ድምፅ ብቻ ነበረች፤ ዝቅ ያለች፣ ትንሽ የተሰበረች። ልጇ ሳትወስዳት በፊት ክሮቹን ከዚያች ድምፅ ሥር እስኪገቡ አላላሁላት። ከክሩ ጋር አብራ እንድታንጎራጉር ብዬ ነው። እቤት በራሴ መሣሪያ ልመልሰው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ጠፋኝ። ድምጿ ራሱ እንዴት እንደነበር ጠፋኝ።»

ፋንታዬንማ ያ ድምፅ አንድ ቀንም ጠፍቷት አያውቅም።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፣ ግን ፊት ለፊታቸው ቆማ አልመጣላትም። ዞር ብላ ቤዝመንቱ ጥግ ወዳለው ዕቃ ማጠቢያ ሄደች። ቧንቧውን ከፈተች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን ውኃው ውስጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ህምምም» አለች።

ከጀርባዋ መቃኛው ሲጥጥ ሲል ተሰማት። ክሩ እያጉረመረመ ወረደ። «አሁንም ዝቅ» አለች፤ ደገመችው። ሁለተኛው ክር ወረደ። ሦስተኛው። ውኃው ይፈሳል፣ እሷ ታጉመተምታለች፣ ክሩ ይፈልጋታል። ከዚያ አውራ ጣት ሦስቱን ባንድ ላይ ጠረጋቸው።

ያው ነው። ያው ራሱ ነው።

ፋንታዬ አልዞረችም። ብትዞር ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደምታይ እርግጠኛ አልነበረችም። ድምፁ ቀስ እያለ አለቀ። ሽማግሌው «እሷ ናት» ሲሉ ሰማች። እንደገና ጠረጉት። የወንድ ለቅሶ ነው ከዚያ በኋላ የሰማችው፣ የታፈነ። ቧንቧውን ሳትዘጋ ብዙ ቆየች።

መሣሪያውን ይዘው ሄዱ። መኪናቸው ድረስ ሸኘቻቸው፤ የኋላ ወንበር ላይ በነጠላዋ ጠቅልላ አስተኛችላቸው። ነጠላውንም ይውሰዱት ብላ ተወችው። እጇን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሄዱ።

ፋንታዬ ቤቷ ስትገባ ትከሻዋ ቀሎ ነበር። ሶልያና ባዶ እጇን አይታ የት አደረግሽው ብትላት «ለባለቤቱ» አለቻት። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የምሳውን ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ልማድ ሆኖባት ጆሮዋን ወደኋላ ጣል አደረገች።

ምንም የለም።

ውኃውን ዘጋች፣ አደመጠች። ሞርስ ሮድ ላይ ከባድ ትራክ አለፈ፤ ቤቱ ውስጥ የነዘረ ነገር የለም። የእጅ ቅባትም አይሸትም። እጇን ሳታደርቅ ሳሎን ሄዳ ዳልሲመሩ የነበረበት ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ለሚስ ኦፓል ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።