ዳገት የምትወጣው ቀይ መኪና

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የአስራት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሚዛን ከተማ ባለው ቤቴ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጥን ስልኩን አቀበለኝ። ሁለት የቅንጦት መኪኖችን የሚያወዳድር ቪዲዮ ነው። ግራንድ ቱሪንግ ይሏቸዋል አለኝ፤ እንደ እሽቅድምድም መኪና እየበረሩ፣ ሰው ሳያደክሙ አገር ለአገር የሚያደርሱ። ተናጋሪው ስለ ወንበራቸው ቆዳና ስለ ፈረስ ጉልበታቸው ሲለፈልፍ ቆየና ልጁ፣ "ጋሼ፣ አንተ የቱን ትመርጣለህ?" አለኝ። ያኔ የማውቀውን የቴፒ መንገድ አንዷም አታልፈውም ነበር አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ይህንኑ ጥያቄ ልጅ ሆኜ ተጠይቄ መልሻለሁ፤ መልሱ ያስከፈለኝን የማውቀው እኔ ነኝ።

የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነበር። ዘመን መለወጫ ሲቃረብ እናቴ ከሱቅ የመጽሔት ገጽ ለምና ታመጣና በዱቄት ሙጫ ትለጥፈዋለች። ሙጫው እስኪደርቅ ቤቱ የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል፤ የናንተም ቤት እንዲሁ ነበር፣ አትደብቁኝ። ገጹ ላይ የተጻፈውን እሷም አባቴም ማንበብ አይችሉም። አንድ ዓመት ታዲያ ከመኝታችን በላይ ሁለት መኪኖች ወጡልን። አንዷ ብርማ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች። ሌላዋ ቀይ፣ አፍንጫዋን ወደ ጣሪያው አቅንታ ዳገት የምትወጣ። ብርማዋን እኔ ያዝኩ፤ ቀይዋን በዓመት የሚያንሰኝ አስራት ወሰደ።

ዓመቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። እኛ መኪና የምንመዝነው በቡና ነው። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ የላትም፣ ጆንያው የት ይጫናል? ሆዷ መሬት ሊነካ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ጎማዋ ላይ ካቴና ቢታሰር እንኳ ትወጣለች? ዝናብ ሲያባራ ከኮባ ግንድ መኪና ሠርተን በተዳፋቱ ላይ እንንሸራተታለን፤ የወደቀው መኪናው ይሰደብበታል። እኔ የወንበሯን ምቾት ስዘረዝር አስራት አንድ መልስ ብቻ ነበረው፦ የኔዋ ትወጣለች፣ ያንተዋ ቆማለች።

ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ሁለታችንም እንመዝገብ ብለን አለቀስን። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከጓሮ ቡና በቀር ምንም አልነበረውም። ሁለታችሁም ፊደል ስትቆጥሩ ጦጣ ቡናዬን ለቅሞ ይጨርሰዋል አለ። አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይጠብቃል። እኔ ታላቅ ነኝ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ጠዋት አባቴ ጨሞውን፣ ያን በበርበሬና በዝንጅብል የሚፈላውን የቡና ቅጠል እየጠጣ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ወደኛ ዞረ።

"እስቲ እነዚህን መኪኖች አወዳድሩልኝ። ያሳመነኝ ይማራል፤ ትምህርት ምላስ ይፈልጋል።"

ቀልዱን ይሁን እውነቱን ዛሬም አላውቅም። እኔ ቀደምኩ። የኔዋ ሁላችንንም ይዛ ማሻ፣ የእናቴ ዘመዶች ጋ ታደርሰናለች፤ ወንበሯ ለስላሳ ስለሆነ የእማዬ ወገብ አይታመምም፤ ሩቅ መንገድ አይደክማትም አልኩ። አሁን ሳስበው ያ በስልኩ የሚለፈልፈው ሰውዬ ከዚህ የተለየ ነገር አላለም። አስራት ከመደቡ ላይ እንኳ አልተነሳም።

"አባባ፣ የኔ ዳገት ትወጣለች። የሱ ቆማለች።"

አባቴ ጨሞው ትን እስኪለው ሳቀ። ዳገት የሚወጣው ይማር አለ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ኧረ ቀይዋም ሜዳ ላይ ነች። የግድግዳው ስንጥቅ ሰያፍ ስለሆነ ነው ገጹን አጋድሜ የለጠፍኩት" አለችው። ያን ጊዜ አንገቴን አዘንብዬ አየሁ። እውነትም ሜዳ ላይ ነበረች። አባቴ ግን ከአፌ ወጥቷል ብሎ ጨሞውን ጨረሰ። የኛ አባቶች ቃላቸውን አያጥፉም እያላችሁ ስታሞግሱ እኔ የምሰማችሁ እንግዲህ በዚህ ጆሮዬ ነው።

አስራት ደብተሩን ይዞ ሄደ፤ እኔ ወንጭፌን ይዤ ቡናው ውስጥ ገባሁ። አንድ ማታ ጦጣ ሳባርር ውዬ ስመለስ ቤቱ እንደገና ሊጥ ይሸታል። እናቴ ግድግዳውን ሁሉ በአዲስ ገጽ ሸፍናዋለች፤ ሁለቱን መኪኖች ብቻ ትታለች። ብርማዋን ግን በውሃ አርሳ፣ ጠርዟ ትንሽ እስኪቀደድ ድረስ ፈልቅቃ፣ ከቀይዋ ጎን አጋድማ ለጥፋታለች። አፍንጫዋ ወደ ጣሪያው። እራቴን አቀረበችልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። አስራት ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አልቀናበትም ብል ውሸቴን ነው። አባቴም እናቴም የሉም፣ ያ ቤትም ፈርሶ ብሎኬት ቆሞበታል። የልጁን ስልክ እንደያዝኩ አጋደምኩት፤ መኪናዋ ወዲያው ዞራ ቀጥ አለች። መልሼ አዞርኩት፤ አሁንም ቀጥ አለች። ልጁ ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶት ያየኛል።

የዛሬ ስልክ እንዲህ ነው፤ የተጋደመውን ሁሉ ያቀናል። ዳገቱ ለተከለከለ ልጅ ብላ የቆመችውን መኪና ያጋደመች ግን እናቴ ብቻ ነበረች።