ክትባቱን በረዶ ያደረግሁ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የክትባቱን ማቀዝቀዣ በሳሙና አጠብኩት። ባልባላ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ሰፈር ውስጥ ካሉት ትንንሽ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ በጽዳት ተቀጥሬ ነበር። እጠቢው ያለኝ ሰው አልነበረም። ጠርሙሶቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፣ መደርደሪያዎቹን ፈተግሁ፣ አድርቄ መለስኩ። ቦታ ስለተረፈ ምሳዬን፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከጎናቸው አስቀመጥኩ።

የነርሶቹን አለቃ እዚህ አገር ማጆር ይሏቸዋል። እኔ ወታደር መስለውኝ ሲገቡ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ማቀዝቀዣውን ከፈቱ።

«ይህ ዓሣ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ማጆር።»

«ስንተኛ ክትባቱን ወሰደ?»

ነርሶቹ ሳቁ። እኔም ሳይገባኝ ሳቅሁ።

ማጆር ግን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነሱ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ክትባቱን ሙቀት ካገኘው ትጠቁራለች። አልጠቆረችም ነበር። «አምላክሽ ይወድሻል» አሉኝ። ምልክቷ የምትናገረው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ብርድን አትናገርም። ይህንንም ያን ቀን ነግረውኛል። እኔ የሰማሁት ግን ስለ ሙቀቱ ያሉትን ብቻ ነው።

ሙቀቱን ብቻ የሰማሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ ሰባት ዓመት ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ በአንድ የውጭ ዜጎች ቤት ሠርቻለሁ። እዚያው እያደርኩ ማለት ነው። በዚያ ቤት ከሁሉ የሚበልጥ ሙያ ማቀዝቀዝ ነበር። ወጥ ቢያርርብኝ ማዳም ታልፈኛለች፤ ውሃው ጥርስ ካላደነዘዘ ግን «ረሂማ፣ ይህ ሻይ ነው» ትለኛለች። የማቀዝቀዣውን የብርድ መቆጣጠሪያ ቁልፍ መጨረሻው ላይ አድርጌ መኖር ለመድኩ።

ልጆች፣ መምህራችሁ «ስለ ሕክምና ታሪክ ለልጆቹ ጻፊላቸው» ሲለኝ ሰው ተሳስቶ እኔ ጋ የመጣ መሰለኝ። የማውቀው ማጆር ከሥራ በኋላ ወለል ስጠርግ የነገሩኝን ነው። የአያቴ ፊት በፈንጣጣ የተቦረቦረ እንደነበር ስነግራቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክትባት ሳይመጣ በፊት በእኛም አገር ከበሽተኛው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ይቀቡ ነበር አሉኝ። ብዙው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይድናል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ኋላ ክትባት መጣ፣ ቤት ለቤት ተዳረሰ፣ ፈንጣጣም ከዓለም ጠፋ። በተፈጥሮ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በጎረቤታችን በሶማሊያ ነው።

«ያን ጊዜ በየበረሃው ማቀዝቀዣ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የፈንጣጣው ክትባት ደረቅ ዱቄት ነበር፣ ሙቀት ይችላል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ እንደዚያ አይደሉም። አንቺ የምታስፈልጊው ለዚህ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት የማቀዝቀዣው ኃላፊ አደረጉኝ። ለእናቴ ድሬዳዋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኃላፊ ሆንኩ።»

«የማን?»

«የማቀዝቀዣ።»

 «ማሻ አላህ» አለች።

ሥራው ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አንብቦ በሰንጠረዡ ላይ መጻፍ። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ደህና ነው። እርጉዞች የሚወጉት የመንጋጋ ቆልፍ (የቴታነስ) ክትባት ታች፣ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል።

ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ አንድ ሐሙስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነን። መብራቱ ቢጠፋስ ብዬ ፈራሁ። ለሁለቱ ቀን ብርድ ላጠራቅም ብዬ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩትና ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

መብራቱ አልጠፋም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስከፍተው ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሦስት ይላል። የመንጋጋ ቆልፍ ጠርሙሶች ድንጋይ ሆነዋል። ሁለቱን በእጄ ጨበጥኩ፤ የቀሩትን በሥራ ሽርጤ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አቅፌ እንደ ዶሮ ተቀመጥኩ። ቀለጡ። ሳያቸው እንደ ድሮው ናቸው። ቁልፉን መለስኩና ሰንጠረዡ ላይ «4» ብዬ ጻፍኩ። ቢስሚላህ ሳልል የጻፍኩት ቁጥር እሱ ብቻ ነው።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ።

እርጉዞቹ መጡ። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ዛህራ ነበረች። ያለፈውን ልጇን ቤት ወልዳ፣ በሳምንቱ መንጋጋው ተቆልፎ ሞቶባታል። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ይህ ሁለተኛው መርፌዋ ነው፤ ለምኜ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ተወጋችና እጅጌዋን እያወረደች ወደ እኔ ዞረች።

«አባዮ ረሂማ፣ አሁን ልጄ ተጠበቀ አይደል?» አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

«ኢንሻ አላህ» አልኩ።

ኢንሻ አላህ የሚባለው በአላህ ለመታመን ነው። እኔ ያን ጊዜ ከቃሉ ኋላ ተደበቅሁ። ዛህራ ወጣች። አራተኛዋ ሴት ስትቀመጥ እግሬ ወደ ማጆር ሄደ።

«ማጆር፣ አራት አይደለም።»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። ከዜሮ በታች ሦስት ነበር። በረዶ ሆነው አቀለጥኳቸው።»

መርፌውን አስቀመጡ። «በምን አቀለጥሽ?»

«በሽርጥ።»

«መቼ?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«አሁን ሦስት ሰዓት ነው» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «የተወጉት ሦስቱ አይጎዱም። ግን እንዳልተወጉ ቁጠሪያቸው። ፈልጊያቸው።»

ሁለቱ ግቢው ጥላ ውስጥ ነበሩ። ዛህራ ግን ለመውለድ ገጠር ወደ እናቷ ልትሄድ ሚኒባስ ልትሳፈር ሄዳለች። ባልባላን በዚያ ፀሐይ በፕላስቲክ ጫማ አቋርጬ ሮጥኩ። አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ። ዛህራ መኪናው ውስጥ ጓዟን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ውረጂ!» አልኳት በመስኮቱ።

«ምን ሆንሽ?»

«ክትባቱ ሞቷል።»

«ቀብሩ የት ነው?» አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ዛህራ አልሳቀችም። «ማን ገደለው?»

«እኔ። በረዶ አደረግሁት። ደብቄም ዝም አልኩ።»



«ዝም ብትዪ አላውቅም ነበር» አለች።

«አታውቂም ነበር።»

«ልጄ ሲሞት ከጎኔ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ጓዟን በመስኮቱ አቀበለችኝ። «እንግዲያው ተሸከሚ።»

ተሸከምኩ። ከዋናው መጋዘን አዲስ ክትባት እስኪመጣ ድረስ ጤና ጣቢያው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ክትባቱ ሲደርስ ማጆር ትምህርት ሰጡኝ። ከአዲሶቹ አንዱንና ከእኔዎቹ አንዱን አናውጠው ጎን ለጎን አቆሙ። አዲሱ እንደ ወተት እኩል ደፍርሶ ቆየ። የእኔው ቶሎ ዘቀጠ፤ ከላዩ ጥርት ያለ ውሃ ሆነ። «ሽርጥሽ ይህን አይመልሰውም» አሉኝ። ዛህራም አየችው። ከዚያ ሌላኛውን ክንዷን ሰጠች።

ማጆር «4»ቱን እንዳልሰርዝ ከለከሉኝ። ከአጠገቡ እውነተኛውን ቁጥርና ስሜን በእጄ አስጻፉኝ። ወረቀቱም በፋይሉ ተቀመጠ። አላባረሩኝም። እስከ ጡረታዬ ያን ማቀዝቀዣ ጠበቅሁ። አልሐምዱሊላህ።

ዛህራ ሴት ልጅ ወለደች። ከገጠር ስትመለስ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ቤት ነው። ሕፃኗ ከበር ጀምራ አፏን በሰፊው ከፍታ ታለቅሳለች። «ስሚያት፣» አለችኝ ዛህራ፣ «መንጋጋዋ ይሠራል።»

ልጆች፣ ስትሳሳቱ ያኔውኑ ተናገሩ። እኔ ሁለት ሰዓት ዘገየሁ፤ ሦስት ሴቶች ሁለት ጊዜ ተወጉ።