ጠማማው እና አዲሷ ዑድ

አባታችን ዑድም ልጅም የሚመታው በዚያው በአንድ እጁ ነበር። «ዛሬ አባባ ይመታል» ሲባል ጎረቤቱ ወንበሩን ተሸክሞ ለዜማው ይመጣል፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ ጀርባችንን የምናስጠጋበት ግድግዳ እንፈልጋለን። ጭብጨባው ለእሱ፣ ሰንበሩ ለእኛ።

ወንድሜን ዑድ ያስተማረው እሱ ነው፤ በጥፊ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ግን ጎረቤቱ «እስቲ ደግሞ ልጁ ይምታልን» ማለት ጀመረ። ያን ሰሞን የዑዱ አንድ ክር ተበጠሰ። የበጠስኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አባባ ከሥራ ሳይመለስ ብዬ አውርጄ ስነካካው መቃኛውን አለልክ አጠበቅኩትና ጧ አለ። በሩ ሲከፈት ወንድሜ እኔን አልጋው ሥር ከትቶ «እኔ ነኝ» አለ። አባባ የበሩን መወርወሪያ መዘዘ፣ የልጁን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አንጓውን ሁለት ጊዜ መታው። አጥንቱ ሲሰበር አልጋው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሐኪም ቤት የሄድነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እጁም ተጣሞ ገጠመ።

ዑድ በቀኝ ይመታል፤ ዜማው የሚወጣው ግን ግራው ክሩን ሲጫን ነው። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ መጫን አልቻለም። አድጎ በያጅ ሆነ፤ ብረት ስለ አንጓ አይጠይቅም። ሠፈሩ «ጠማማው» ይለዋል፣ ዘወር ሲል ብቻ። አንድ ቀለም ቀቢ ፊት ለፊቱ ቢለው ሁለት ጥርሱን ከመሬት ለቅሞ ሄደ። አንድ ቀን ሚስቱ ላይ እጁን አነሳ። ያነሳውን እጅ አየውና ሳያወርደው መልሶ ወሰደው፤ ልብሱን ጠቅልሎ ከብየዳ ቤቱ ማደር ጀመረ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ከሰው ሌላ የምመታው ነገር ካላገኘሁ አንዱን እገድላለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ የተማሪ ዑድ ገዝቶ መጣ። አባባ የሚኖረው እኔ ጋ ነው፤ ሰማንያ አልፎታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ወልዶኛል፣ ምን ላድርገው? ቀን ልብስ እሰፋለሁ፣ በመሃል በማንኪያ አጎርሰዋለሁ፤ እሱም ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ በከዘራው ይነርተኛል።

ወንድሜ አሮጌውን ዑድ ከግድግዳ አውርዶ ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የአሮጌው አንገት ወፍራም ነው፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ስለቆሙ ጣት እስኪቆረጥ ካልተጫኑት አይናገርም። ድምፁ ግን፣ ጠላትም ቢሆን ልመስክርለት፣ ጓዳ ድረስ ገብቶ ደረት ይነካል። አዲሷ ቀላል ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ክሯ ዝቅ ያለ፣ ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። መጀመሪያ አሮጌውን ያዘ። አንጓው እምቢ አለ፣ ላብ በላብ ሆነ፣ ክሩ ዝዝዝ ብሎ ቀረ። ጥርሱን ሲያፋጭ ከግድግዳ ጋር የሚያላትመው መስሎኝ አፈገፈግኩ። አስቀምጦት አዲሷን አነሳ። ሦስት ድምፅ ንጥር ብሎ ወጣ። አራተኛው ላይ ጣቱ ዛለ፣ ግን ወጣ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አባባም ከጥጉ ሆኖ ሳቀ። «ይቺማ መጫወቻ ናት። ዑድ ካልገረፉት አይዘፍንም» አለ።

ደሜ ፈላ። የያዝኩትን የሾርባ ሳህን ግድግዳው ላይ ከሰከስኩትና ሠላሳ ስድስት ዓመት የዋጥኩትን ሁሉ ተፋሁበት፤ ክሩን የበጠስኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጁን ያለ ጥፋቱ እንደሰበረው። ይደነግጣል፣ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ሞኝ!

«አውቅ ነበር» አለኝ። «እግርሽ ከአልጋው ሥር ይታይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ከእኔ የተሻለ ይመታ ነበር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የእኛ ወጊ አንዲቷንም አልረሳም ነበር። ወንድሜን አየሁት። የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል፣ ጠማማው እጁ ተጨብጧል። አልዋሽም፣ በልቤ በለው እያልኩ ነበር። ቢጠይቀኝ መወርወሪያውን እኔው አቀብለው ነበር።

ወንበር ጎትቶ ከአባባ ፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ። አዲሷን ጭኑ ላይ አደረገ። ጭብጡን ፈታና ጣቶቹን አንድ በአንድ ክሩ ላይ አሳረፈ።

«አባባ፣ ልምታ?» አለው።

ሽማግሌው ሁለት እጁን አንሥቶ ጭንቅላቱን ሸፈነ። እኛ ድሮ እንደምናደርገው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክርኑን ጆሮው ላይ አጣብቆ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። ወንድሜም እጁ እስኪወርድ ጠበቀው። አልወረደም።

ከዚያ መታ። ሦስቱን ድምፅ፣ ቀጥሎም አራተኛውን። አባባ እጁን ከራሱ ላይ ሳያነሳ እስከ መጨረሻው ሰማ።