ከእትዬ አመተሥላሴ የተደበቀው መርዶ

እጽፋለሁ ብዬ ለደፈርኩት ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር ይዤ አላውቅም ማለት ይቻላል። የሚያነበው ሰው ቢስቅብኝ አፍራለሁ። ግን አንዱ «እትዬ አመተሥላሴን ያሳመማቸው ጮማ ነው» ሲል ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ጮማውን ማን አይቶት!

እትዬ አመተሥላሴ እዚሁ ቀየት በሚባለው አገራችን ጎረቤቴ ናቸው። ሱፍ ሲፈትሉ እጃቸው ፈጣን ነው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከእጃቸው ይፈጥናል። አንድ ልጃቸው ማዕረግ ባድመ ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ሌሎቹ ሲመለሱ፣ ቀበሌው ባላቸውን ጋሽ ተገኘን ጠርቶ የልጁን መሞት ነገራቸው። ጋሽ ተገኘም ጎረቤቱን ሰብስበው በሥላሴ አስማሉን።

«ግፊትና ስኳር እንዳለባት ታውቃላችሁ። ሐኪም አታስደንግጧት ብሏል። ከሰማች እዚያው ክልትው ትላለች» አሉ።

ማልን። አፋችንን ዘጋን እንጂ ፊታችንን የት እናድርገው? እሳቸው ብቅ ሲሉ ወሬ ይቋረጣል።

«እኔ ስገባ ምላሳችሁን ጅብ ይወስደዋል እንዴ?» ይሉና ይስቃሉ። ዓይናቸው ግን ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ይንከራተታል። ውሻ በጮኸ ቁጥር እንዝርታቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይሮጣሉ፤ ተመልሰው ደረታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እንቅልፍ የለ፣ እህል አይወርድላቸው።

ሲብስባቸው እኔና ጋሽ ተገኘ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እየሩስ የምትባል ነርስ ግፊታቸውን ለካች፤ አላመነችም መሰል ደገመችው።

«እማማ፣ ኪኒኑን ይውጣሉ?»

«እንደ ዶሮ እየለቀምኩ!»

ስኳሩም ወጥቷል። ነርሷ ሽንት እንዲሰጡ ላከቻቸውና ወደኛ ዞረች። «ቤት ውስጥ ምን አለ?»

ጋሽ ተገኘ በክርናቸው ጎሸሙኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልወደው ሰው፣ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ፣ «ልጃቸው ሞቷል። ደብቀናቸው ነው» አልኩ።

«ልብን የሚጎዳው ጨውና ጮማ ብቻ አይደለም» አለች። «ሰው ሌት ተቀን በስጋት ሲኖር ልቡ አያርፍም። ግፊቱም ስኳሩም ይወጣል፤ ኪኒን ብቻውን አይችለውም።»

«ብትሞትብኝስ?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«አይሞቱም ብዬ አልምልልዎትም፤ ድንጋጤም ክፉ ነው። እንዲህም ግን አይዘልቁም። እህል ቀምሰው፣ ኪኒናቸውን ውጠው፣ ሰው ከቧቸው ይንገሯቸው።»

መርዶ በኛ አገር ሳይነጋ ነው የሚነገረው፤ እህል ሳይቀመስ። እንግዲህ የነርሷንም ያገሩንም ልናደርግ አሰብን። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹ ከአጥር ውጭ ቆሙ፤ እኔ በሶ በጥብጬ ቀድሜ ገባሁ።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይቅመሱና ኪኒንዎን ይዋጡ።»

ጣሳውን ተቀበሉኝ። እኔን አዩኝ፣ በሩን አዩ፣ የጋሽ ተገኘን ፊት አዩ። ለካስ በዚያ ሰዓት ቁርስ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የለም! እሳቸው ግን በሶውን ጠጡ። ኪኒኑን ዋጡ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ንገሩኝ። ማዕረግ ነው አይደል?»

ጋሽ ተገኘ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«መቼ ሰማህ?»

«በኅዳር።»

«ፋሲካ አለፈ እኮ! ይኸን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ ስትገድሉኝ ከረማችሁ?»

ከዚያ ጮኹ። ሽማግሎቹ ገቡ። ደረታቸውን ሊመቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ሁላችንም ትንፋሻቸውን ነበር የምንጠብቀው፤ አሁን ወደቁ፣ አሁን ወደቁ እያልን። አልወደቁም። የልጃቸውን ስም እየጠሩ ሙሾ አወረዱ፤ እኛም አፍነን የከረምነውን አብረን አለቀስን።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና ምላጩን ለጋሽ ተገኘ ሰጡ፤ በሐዘን ወግ ፀጉራቸውን እንዲላጩላቸው። ጋሽ ተገኘ ምላጩን አንዴ ወደ ራሳቸው ያስጠጋሉ፣ አንዴ ይመልሳሉ።

«ተረጋጋ እንጂ» አሏቸው አንገታቸውን እንደ ደፉ። «እኔ እንደሆን አልሞትኩም። ይልቅ አንተም ልጅህን አላለቀስክለት፤ እየላጨህ አልቅስ።»