ያልነገርኩት አስተያየት

ታላቅ ወንድሜ ጋሽዬ ሰው ስለ ሥራው የሚለውን ሁሉ መስማት ይወድ ነበር። ስድቡንም ጭምር። ካዛንቺስ፣ ወላጆቻችን ሞተው በተረፈልን የቀበሌ ቤት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሲዲ እናከራይና እንሸጥ ነበር። እኔ ባንኮኒው ጋ እቆማለሁ፤ እሱ ጓዳ ገብቶ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለሰ በራሱ ድምፅ ይቀዳል። የጓዳው ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ማይኩ ላይ፣ ትንፋሹ አብሮ እንዳይቀዳ፣ የእኔን አሮጌ ስቶኪንግ በሽቦ ወጥሮ አስሮበታል። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ሥራ ይቆማል። በቃ፣ ስቱዲዮአችን ይህ ነበር።

በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ተማሪ ስለነበርኩ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ ምሳ ላይ ቁጭ ስንል የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ዛሬ ምን አሉ?»

«አሪፍ ነው አሉ።»

«እሱን ተይው። መጥፎውን ንገሪኝ። ሰው ያለውን እንዳለ፣ ሳታጣፍጪ።»

እነግረዋለሁ። ከት ብሎ ይስቃል፤ አንዳንዴም ጉርሻውን ያስቀምጥና ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ይቀዳዋል።

አንድ ጊዜ ከመርካቶ በጅምላ ካመጣናቸው ሲዲዎች መሃል ሽፋኑ የደበዘዘ የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ወጣ። አራት ሲዲ፣ ሃያ አራት ክፍል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ታሪኩ ዝናብ በማይዘንብባት ከተማ ጃንጥላ ጠጋኝ ሱቅ ስለከፈተ ሽማግሌ ነው። ረዳቱ አህያ የሚያክል፣ የሚናገር ቀንድ አውጣ ነው። በከተማዋ ጃንጥላ ያለው ሰው ስለሌለ፣ ሰዉ የተሰበረ ወንበር፣ የወለቀ ጥርስ፣ የባልና ሚስት ጠብ ሳይቀር ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው ምንም ነገር ቢመጣለት «እስቲ ዘርጋውና ልየው» ይላል። የመጀመሪያውን ክፍል አብረን አይተን ስንጨርስ «ይሄን ደግሞ ማን ያየዋል?» አልኩት። እሱ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነበር።

ለሽማግሌው ወፍራም፣ የሚጎተት ድምፅ ሰጠው። ቀንድ አውጣውን ደግሞ የታክሲ ረዳት አደረገው። ያ ከመሬት የማይላቀቅ ፍጥረት አንድ እርምጃ ለመራመድ ደቂቃ እየፈጀ አፉ ግን አያርፍም፤ «ሳበው! ሳበው! ወራጅ አለ! ጠጋ በሉ እናንተ!» ይላል። ዋናው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሁሉንም የፈጠረው ጋሽዬ ነው።

አስተያየቱ ከመጀመሪያው ሲዲ ጀምሮ ጎረፈ። ከቄራ እየመጣ ከእኛ የሚከራይ አንድ ሥጋ ቆራጭ ሲዲውን ሲመልስ ግራ ገብቶት ነበር። «ማለቴ፣ ሳቅኩ። ግን በምን እንደሳቅኩ አላውቅም። በቃ ሁለተኛውን ስጪኝ» አለኝ። ጎረቤታችን የሆነች የልጆች እናት ደግሞ «ልጆቼን ወያላ አደረጋችኋቸው! ቤቱን በሙሉ ወራጅ አለ እያሉ ፈጁኝ» ብላ ጮኸችብኝ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መነፅራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተረት አይደለም፣ ምክርም የለው። ምን ሊያስተምረን ነው የተሠራው?» አሉኝ፤ በሳምንቱ ቀጣዩ ወጥቶ እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ። አንዱ ወጣት ደግሞ «ጃፓኖቹ ጤነኛ አይደሉም፤ ወንድምሽ ግን ይብሳል» አለ። ጋሽዬ ይህን በካርቶን ላይ ጽፎ ከማይኩ በላይ ለጠፈው።

ሦስተኛው ሲዲ ላይ ድምፁ ሻከረ። መጀመሪያ የሰማነው ከተመልካች ነው፤ እኔ በየቀኑ አብሬው እየዋልኩ አላስተዋልኩትም ነበር። ሥጋ ቆራጩ «ሽማግሌው ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አለ። መምህሩ ግን ተደስተው ነበር የመጡት። «አሁን ገና ሽማግሌ መሰለ! በፊት ሽማግሌ ለመምሰል የሚጥር ጎረምሳ ነበር። ንገሪው፣ በርታ በይው።» ምሳ ላይ ቃል በቃል ነገርኩት። ጉሮሮውን በእጁ እየዳበሰ «ሰማሽ? ድምፄ አደገ ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን ሆን ብሎ ይበልጥ ያሻክረው ጀመር።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ሦስተኛውን ሲዲ ልትመልስ መጣች። ስታዲየም አካባቢ ባለ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ለእህቷ ልጆች ነበር የምትከራየው። ሲዲውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ አልሄደችም።

«ይሄን የሚያወራው ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ እትዬ።»

«ድምፁ ከሻከረ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ገፀ ባህሪው ነው እንደዚያ የሚያስወራው» አልኳት። ፈገግ ብዬም ነበር።

እሷ ፈገግ አላለችም። «የሽማግሌውን ብቻ አይደለም የምልሽ፣ እህቴ። የቀንድ አውጣውም ተበላሽቷል። ቀጭኑን ድምፅ ሲያወጣ ይቆረጥበታል። እንዲህ ያለ ነገር ከሦስት ሳምንት ካለፈ ጉሮሮውን መታየት አለበት። ዛሬውኑ ንገሪው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

አልነገርኩትም።

ለምን እንዳልነገርኩት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ በየጊዜው የማገኘው መልስ የተለያየ ነው። ለገና አራተኛውን እናደርሳለን ብዬ ለሰው ሁሉ ቃል ገብቼ ነበር፤ እሱ ሥራ ቢያቆም በየቀኑ በሩ ላይ የምወቀሰው እኔ ነኝ። አባታችንም የሞተው ሲያስል ከርሞ ሀኪም ቤት በገባ በሳምንቱ ስለነበር፣ እኛ ቤት ሀኪም ቤት የሚሄደው ለመሞት ነው የሚል ያልተነገረ እምነት ነበር። የባሰ ነገር ቢሆን ራሱ ያውቀዋል ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ያን ቀን ምሳ ላይ እንደ ወትሮው «ዛሬስ?» ሲለኝ፣ «አንዲት ሴትዮ በጣም ወደደችው» አልኩት።

ለገና አላደረስንም። አሥራ ዘጠነኛውን ክፍል ሦስት ጊዜ ቀድቶ ሦስት ጊዜ አጠፋው። ጥምቀት አለፈ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልንገረው ብል እንኳ እስካሁን ለምን ዝም እንዳልኩ መናገር አፈርኩ፤ በቆየ ቁጥር ነገሩ ከአፌ ለመውጣት የባሰ ከበደ። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ከጓዳው ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። አፉን የያዘበት መሐረብ ላይ ደም ነበር። ሊያሳየኝ ዘረጋው።

ሐኪም ቤት ሲታይ ማንቁርቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንዳለበት ሲነግረን ጋሽዬ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከዚያ በኋላ ትንሽም ቢሆን አልናገርም?» ሐኪሙ «አትናገርም» አለው። ወደ ቀዶ ጥገናው ሊያስገቡት ሲመጡ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ትልቅ ነገር የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። «የስልኬን ቻርጀር እንዳትረሺው፣ ግድግዳው ላይ ነው» አለኝ። በድምፁ የነገረኝ የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ክረምቱን በሙሉ አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ መተንፈስ ሲለማመድ አሳለፈ። ሲያስል ከአፉ ድምፅ አይወጣም፤ ፋሻው ብቻ እፍ ይላል። የሚፈልገውን ሁሉ በደብተር ይጽፍልኝ ነበር። ደንበኞች ግን መጠየቃቸውን አላቆሙም፤ እኔም «ስቱዲዮውን እያደስን ነው» እል ነበር። መስከረም ላይ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው፦ አንቺ ጨርሺው።

«እኔ? በዚህ ድምፄ?»

ሌላ የለንም፣ ብሎ ጻፈ።

ሁለት ሁለት ክፍል እየቀዳሁ አወጣሁ። የደረሰብኝን ወቀሳ አልረሳውም። «ሽማግሌው ሴት ሆነ እንዴ?» አሉኝ። «ቀንድ አውጣው ተኝቷል፤ ቀስቅሱት» ያሉም ነበሩ። የልጆቹ እናት ልጆቿ አምስት ደቂቃ አይተው እንዳጠፉት ነገረችኝ። ሥጋ ቆራጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሲዲውን ሲያስቀምጥ «ይቅርታ፣ ግን ይሄ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። የድሮው ልጅ የት ሄደ?» አለኝ። ወደ ውጭ አገር ሄደ አልኩት።

ያን ቀን ምሳ ላይ ጋሽዬ ቅንድቡን አንስቶ አየኝ። ጥያቄው ገባኝ። «ቀስ በቀስ እየለመዱኝ ነው» አልኩት።

ደብተሩን አንስቶ ጻፈ፦ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት ነው አለሽ፣ ልክ ነው፣ ለምን ትዋሺኛለሽ? የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። ነርሷን፣ ያለችውን ሁሉ፣ የቀንድ አውጣውን ድምፅ ሳይቀር ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ በምንስ ያቋርጠኛል። ስጨርስ አንድ ቃል ጻፈ፦ መቼ?

«ከገና ሁለት ሳምንት በፊት።»

በጣቶቹ ቆጠረ። እስከ የካቲት፣ እስከዚያ መሐረብ ድረስ። ስምንት ሳምንት፣ ብሎ ጽፎ ደብተሩን ዘጋው።

ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልጻፈልኝም። ምግቡን ይበላል፣ ፋሻውን ራሱ ይቀይራል፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። እኔ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የደብተሩ ገጽ ሲገለጥ እንድሰማ ጆሮዬን እየጣልኩ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን በእጁ ምልክት ጓዳ ጠርቶኝ ማይኩ ፊት አስቀመጠኝና ከጎኔ ተቀመጠ። ቀንድ አውጣው ቶሎ ቶሎ ይናገር፣ ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያም ፍጥነቱን እንድከተል በጣቱ ጠረጴዛውን መታ፣ መታ፣ መታ። ስሳሳት ያቆማል፤ እጀምራለሁ። ስለ ስምንቱ ሳምንት ግን ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አንስቶብኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ብቻዬን ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ስምንት ሳምንት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ማንቁርቱ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ካርዱን አገላብጦ አየ። «ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ላይተርፍም ይችል ነበር። ከዚህ በላይ ብነግርሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው» አለኝ።

በዓመቱ የካቲት ላይ በሽታው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አልጠበቀም። ሃያ ሁለተኛውን ክፍል ስንቀዳ ጠረጴዛውን የሚመታበት ጣት ሲዝል በሌላው እጁ ደግፎ ይመታ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ክፍት እያለ ሞተ።

ድንኳን ውስጥ ነርሷ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰው ነግሯት ነው። ለረጅም ጊዜ እጄን ይዛ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እኔ የነገርኩሽን እንደነገርሽው አውቃለሁ። ወንዶች እንቢ ይላሉ። ስንቱን አየሁ መሰለሽ። ራስሽን እንዳትወቅሺ።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። ሌሎቹ ያለቀስኩት ለጋሽዬ ብቻ መሰላቸው።

ከአርባው በኋላ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ቀዳሁ። ሰኔ ነበርና ዝናቡ በየሰዓቱ እያቋረጠኝ አንዱ ክፍል ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ጠረጴዛውን ራሴ እየመታሁ ልሞክር ብዬ አልሆነልኝም፤ ተውኩት። ሲዲው ሲወጣ የወሰደው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው በስልኩ ማየት ጀምሮ ነበር። መምህሩ ግን ወሰዱት፤ በማግስቱ ዘንጋቸውን ተደግፈው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። «ግን ጨርሰሽዋል።»

አመሰግናለሁ አልኳቸው። የእውነቴን ነበር። ሲወጡ ወደ ጓዳው ገብቼ ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ትንሽ ቆምኩ።

ከዚያ ብዙ አልቆየንም፤ ሰፈሩ ፈረሰ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሥጋ ቆራጩን አንዴ ቄራ አይቼው ሰላም ተባብለናል፤ መምህሩ ልጃቸው ጋ ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እኔ አሁን ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ፤ ደዋዮች ድምፅሽ ደስ ይላል ይሉኛል። የጋሽዬን ደብተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መድኃኒት፣ ውሃ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ከዚያ «ስምንት ሳምንት» የሚለው ገጽ ይመጣል፤ ቀጥሎ ስለ ቀንድ አውጣው። በሁለቱ መሃል የተጻፈ ምንም የለም።

ነርሷ የት እንደገባች አላውቅም። ክሊኒኩ ቦታ ቀይሯል አሉኝ፤ ወደ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ባገኛት፣ እንዳልነገርኩት የምነግራት ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።