የቀኝ እግሬ ሁለት ጣቶች

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ሱብሂ ሳይሰገድ ነው። እናቴ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ፣ ዱዓ አደረገችልኝ፣ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ሱዳንን፣ በረሃውንና ባሕሩን እዚህ አልደግመውም። የመጣችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያልመጣችሁ ደግሞ ብነግራችሁም አትቀሩም።

ጀርመን ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወረቀቴ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ቋሚ አልሰጡኝም። እዚህ አሣን ጥሬውን ከሽንኩርት ጋር በዳቦ ይበላሉ፤ ሐይቅ ዳር ቢሆን ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው እዚሁ ነው። አንድ ቀን ካልሲዬን ሳወልቅ የቀኝ እግሬ ጣቶች ላይ ደም አየሁ፤ ሕመም ግን የለም። ሁለት ወር ዝም አልኩ። ያላመመኝን ምን ብዬ ልናገር?

በኋላ የስኳር ሐኪሙ አየውና ቁስል ብቻ ወደሚታከምበት ክሊኒክ ላከኝ። መዝጋቢዋ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚደወል ጠየቀችኝ። የእናቴን ቁጥር ሰጠኋት። እዚህ አገር ያለ ሰው ነው የምፈልገው አለች። ማንም የለኝም አልኳት። እንግዲያው "ማንም" ብዬ ልሙላው አለችና ሞላችው።

ሐኪሟ ሸምገል ያለች ቀጭን ሴት ናት። ከእግሬ በፊት ጫማዬን ተቀበለችኝ። እጇን አስገብታ ስትዳብስ ቆየችና አንዲት ብሎን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ረግጫት ውያለሁ። ከዚያ ዓይኔን እንድጨፍንና በቀጭን ክር ስትነካኝ ከተሰማኝ አዎ እንድል ነገረችኝ። ምንም አልተሰማኝም። ግን ይሉኝታ ያዘኝ፤ ትልቅ ሴት እግሬ ሥር ተንበርክካ ስትደክም እንዴት ዝም እላለሁ? በየመሀሉ አዎ፣ አዎ እያልኩ ቀጠልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ክሩን እንደያዘች ታየኛለች።

"ገና አልነካሁህም" አለችኝ።

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቁስሉን በወረቀት ማስመሪያ ትለካለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ታሸትታለች፣ የሞተውን ሥጋ በምላጭ ታነሳለች። ስለምበላው፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለምወጣው ደረጃ ትጠይቃለች። ለስኳር ሐኪሙ የምትደውለው እሷ፣ ለጫማ ሠሪው እሷ፣ ቁጭ ብዬ እንድሠራ ለአለቃዬ የጻፈችለትም እሷ ናት። የኛ አገር ሐኪም አብሽር፣ ትድናለህ ይላል፤ እሷ አንድም ቀን አላለችኝም። በአራተኛው ወር ፎቶዎቹን ፊቴ ደረደረችና ቁስሉ አጥንት ውስጥ እንደገባ፣ ሁለቱ ጣቶች ካልተቆረጡ እግሬ በሙሉ እንደሚሄድ ነገረችኝ። ልቤም እንደ እግሬ ደንዝዞ ነበር። እናቴን ሳልጠይቅ አልፈርምም አልኳት። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። እዚሁ ደውል አለችና ወንበሯን ሳበች።

እናቴ ሁሉንም ሰማች። ይቁረጡት፣ ነፍስህ ትቅደም አለች። ቀጥላ ግን "ሰይዶ፣ የት ይቀብሩልሃል?" አለችኝ።

አላሰብኩበትም ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኋት። የተቆረጠ ነገር ይቃጠላል፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝም የለም አለች። ፊቴን አየችና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መደወል ጀመረች። በሦስተኛው ስልክ የሙስሊም መቃብር ውስጥ ቦታ ተገኘ። እኔ ያጣሁትን ቋሚ ቦታ ጣቶቼ በሩብ ሰዓት አገኙ። መልሼ ደውዬ ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት።

የሰፈሩ ዶሮ በስልኩ ይሰማኛል።

"እንግዲህ ከዚያ አገር አትነሳም በለኛ" አለች።

እመጣለሁ እማ አልኳት። ኢንሻ አላህ አለች፤ እንዳላመነችኝ ከድምጿ አወቅሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ፈረምኩ።